ከአርባ ሦስት እስከ አራት መቶ ሦስት

ውድ የኔታ ቢያዝን፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ አሽጌ በሰው እጅ ጠዳ ድረስ መላክ እችል ነበር። ሦስት ጊዜም ጽፌው ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀድጄ ጣልሁት። በመጨረሻ፣ ያጠፋሁት በአደባባይ ስለሆነ ይቅርታውንም በአደባባይ ልጠይቅ ብዬ ቆረጥሁ። በዚህ መጽሔት ላይ የእገሌን ሠርግ፣ የእገሊትን ኩርፊያ ሳወራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። የሰው ጓዳ ስከፍት ኖሬ የራሴን አንድ ቀን ብከፍት ምን አለበት።

ነገሩን ሳላንዛዛ ልንገርዎ። «የኔታ አራት መቶ» የሚለውን ስም ያወጣሁልዎ እኔ ነኝ። አያ ውድነህ አይደለም። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ አበልጅዎን የተቀየሙት በኔ ምላስ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቢያነቡትም ቢተዉትም መብትዎ ነው። እኔ ግን ከመጀመሪያው ላውጋዎ፤ ሳልጨርስ ከተነሣሁ እንደገና ወኔ የማገኝ አይመስለኝም።

በአርባ አምስት ዓመተ ምሕረት ያቺ ከኮላ ድባ ወዲያ የሁለት ሰዓት መንገድ ያለችው ትምህርት ቤታችን ሁለት ክፍልና አንድ ጥላ ነበረች፤ ጥላው የዋርካው ነው። አስተማሪዎቹ አራት ነን። ዳይሬክተሩ አቶ ዳኛው፣ ሲስቁ ያየ ሰው የለም። አያ ውድነህ፣ ሳይቀልድ እህል የማይወርድለት። እርስዎ፣ ፊደልና ግብረ ገብ እንዲያስተምሩ ከደብር የተጠሩት። እኔ ደግሞ ከጎንደር የመጣሁ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ፣ ሁሉን የማውቅ የሚመስለኝ ልጅ። እርስዎና አያ ውድነህ ጎረቤት ነበራችሁ፤ የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሡት እርስዎ ነዎት። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሱ እሱ እየቀለደ፣ እርስዎ እየተቆጡ፣ መንገዱን ሙሉ ሲሰማ ነበር።

ከአራታችን ሌላ የነበረው የሂሳብ አስተማሪ ታሞ ወደ አገሩ ሲሄድ፣ የአንደኛ ክፍል ሂሳብ በእርስዎ ላይ ወደቀ። ቁጥር ከግዕዙ ያውቃሉ ተባለና። ወዲያው ደግሞ የተማሪውን ብዛት በፈረንጅ ቁጥር ጽፎ ወደ ጎንደር መላክ መጣ። ክፍሉ አርባ ሦስት ልጅ ነበረው። እርስዎ ጻፉ፤ አቶ ዳኛው ሳያዩት አተሙበት፤ ሄደ።

በወሩ መልስ መጣ። አቶ ዳኛው ቆመው አነበቡት፤ ቃሉ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «በአንደኛ ክፍል አራት መቶ ሦስት ተማሪዎች እንዳሉ ተመልክተናል። እነዚህ ሁሉ በአንዲት ክፍል ውስጥ እንዴት ሊቀመጡ እንደቻሉ በአስቸኳይ ይገለጽልን። ጉዳዩን በዓይኑ የሚያይ ኢንስፔክተር በመጋቢት ወር ይላካል።»

እርስዎ ያን ሰዓት ክፍል ውስጥ ነበሩ። አያ ውድነህ ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አቶ ዳኛው ግን «የጻፉት ሰው በኢንስፔክተሩ ፊት ይፈተናሉ፤ ካላወቁ ይሰናበታሉ፤ እኔ ምን ላድርግ» አሉ። ሳቁ ቀጥ አለ። የደብሩ ወንበርዎ ለሌላ መሪጌታ መሰጠቱን ሁላችንም እናውቅ ነበርና ከዚህ ቢወጡ መግቢያ አልነበረዎትም። አያ ውድነህ ዓይኑን ጠርጎ «የኔታ ሸጋ ሰው ናቸው። ይህ ነገር ከዚህ ቤት አይውጣ» አለ፤ ይህን ያለው እሱ ነው። እኔም እሺ አልሁ።

እሺ ያልሁት ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ በአከራዬ በእማዋይሽ ቤት ሴቶች ተሰብስበው ስፌት ይሰፋሉ፤ የከተማ ልጅ ነኝና ወሬ ይጠበቅብኛል። አንዷ «የኔታ ቢያዝን ደኅና ናቸው?» ብላ ጠየቀች፤ ለሰላምታ ያህል። «የትኛው የኔታ? የኔታ አራት መቶ?» አልሁ። ከዚያማ ምን እንደሆነ ልንገርዎ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም ሳቁ ጣፈጠኝና ደብዳቤውን በአቶ ዳኛው ድምፅ ደገምሁላቸው። እማዋይሽ ብቻ አልሳቀችም። «አንቺ፣ ይህ ለገበያ የሚተርፍ ወሬ ነው» አለችኝ። የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ እርስዎ ነገሩን ከአቶ ዳኛው ሰምተው ወደ እማዋይሽ ቤት መጡ። ያን ሁሉ ዘመን ቅኔ ያስተማሩ ሰው፣ ኩታዎን አጣፍተው ከመደቡ ጫፍ ተቀመጡና ወረቀት ዘረጉልኝ።

«ይመኙሽ፣ ልጄ፣ ጥፋቴን አሳዪኝ። አርባ ጻፍሁ፤ አርባ ያለ ባዶዋ አርባ አትሆንም ብለውኛል። አጠገቧ ሦስት ጻፍሁ። ቦታ ጠበበኝና አጠጋጋኋቸው። ምኑ ላይ ነው የሳትሁ?»

እውነትዎን ነበር እኮ። በግዕዙ ፵ ብሎ ፫ ማስከተል ነው፤ ፵፫። እዚያ አርባ የራሱ መልክ አለው፤ ከፊትም ቢቆም ከኋላ፣ ያው አርባ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ይህን አላስተዋልሁም። ከማሠልጠኛ የሸመደድሁትን አወረድሁብዎ። ይህ የአንድ ቤት፣ ይህ የአሥር ቤት፣ ይህ የመቶ ቤት እያልሁ። አንገትዎን አዘንብለው ሰሙኝና «ቤቱ የታለ? እኔ የማየው ወረቀት ነው» አሉ።

ያዳነችን እማዋይሽ ናት። «የኔታ፣ ይቅርታዎን፣ ስንደዶዬን ረግጠውታል» አለች። ለሞሶብ የሚሆነው የስንደዶ ሣር በእግርዎ ሥር ተዘርግቶ ነበር። እሱን ሳነሣ ነው ነገሩ የታየኝ። ሦስት ትንንሽ ቁና ለምኜ በረድፍ ደረደርሁ። «ይኸው ቤቱ። ሕጉ አንድ ነው፤ ማንኛውም ቁና ከዘጠኝ በላይ አይችልም። አሥረኛው ሲመጣ አሥሩ በአንድ ላይ ይታሰሩና ወደ ግራው ቁና ይሻገራሉ። አሥር እስር ከሞላ ደግሞ በአንድ ተጠፍሮ ነዶ ይሆናል፤ እሱም ወደ ግራ ይሻገራል።»

አርባ ሦስት ስንደዶ አንድ በአንድ ቆጠሩ። አሥር በሞላ ቁጥር በክር አሰሩ፤ እጅዎ ብራና መጠረዝ የለመደ ነውና እስሩ ከኔ ይልቅ የጠበቀ ነበር። በመጨረሻ በመካከለኛው ቁና አራት እስር፣ በቀኙ ሦስት ነጠላ ቀረ።

«አሁን ያዩትን ብቻ ይጻፉ» አልሁዎ።

4 ጻፉ። 3 ጻፉ። ረዥም ጊዜ አዩት። «ታዲያ ይህ አራት የአርባውን ማዕረግ ከየት አመጣው?»

«ከተቀመጠበት።»

«እንደ ሹም ነዋ» አሉ። «ሰውዬው ያው ነው፤ የሚከበረው በወንበሩ።»

ቀጥለው የላኩትን አራት መቶ ሦስት በስንደዶ ልሥራው አሉ። አራት ነዶ ማለት ነው። አንዱን ነዶ ስንጨርስ ወለሉ አለቀ፤ ሁለተኛው ላይ የእማዋይሽ ስንደዶ አለቀ። ያን ጊዜ ነው ደብዳቤው ለምን እንዳስቸኮላቸው የገባዎት። «ለካ ይህን የሚያህል ሕዝብ ነው የላክሁባቸው» ብለው እርስዎ ራስዎ ሳቁ። የኔ ሳቅና የእርስዎ ሳቅ አንድ አልነበረም፤ ያን ዕለት ግን አልለየሁትም።

ባዶው ቁና ግን ሦስት ቀን አጨቃጨቀን። መቶ አምስት ስንሠራ ነዶው በግራ፣ አምስቱ በቀኝ፣ የመካከሉ ባዶ። «በዚህ ላይ 0 ይጻፉ» ስልዎ እንቢ አሉ። «የሌለ ነገር ይጻፋል? ነጠላውን ሳትይዥ ለብሻለሁ ትያለሽ?» እኔም ቁናውን አንሥቼ ደበቅሁት፤ ነዶውና አምስቱ ጎን ለጎን ቀሩ። «አሁን ይህን አይቶ የሚጽፍ ሰው ምን ይላል?» አልሁ። «አሥራ አምስት» አሉ፣ ቀስ ብለው። ቁናውን ከእጄ ተቀብለው በቦታው መለሱና «አልቦ» አሉ። የግዕዙን የለም ማለትዎ ነበር። «ስሙ አልቦ ይሁን። የለም ብሎ የሚመሰክር ምስክር ነው።»

ከዚያ በኋላ አስተማሪው እኔ አልነበርሁም። በሳምንቱ ለልጆቹ ሲያስተምሩ እኔ በሁለተኛ ክፍል ሆኜ በጭቃው ግድግዳ ቀዳዳ እሰማለሁ፤ ተማሪዎቼም ከኔ ይልቅ እርስዎን ይሰሙ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ አሥር ስንደዶ አስሮ እንዲመጣ አዘዙ። የአርባ ሦስቱ ልጅ እስር አንድ ላይ ሲሰበሰብ አራት ነዶ፣ ሦስት እስር፣ ነጠላ የለም። ሰሌዳው ላይ ከ403 ሥር 430 ብለው ጻፉና «አያችሁ፣ ያው አራት፣ ያው ሦስት፣ ያው አልቦ፤ ቦታ ተለዋወጡና ሌላ ቁጥር ሆኑ» ሲሉ ድምፅዎ የወጣት ድምፅ ነበር።

«የኔታ፣ አልቦ እናቴ እግሯ ላይ ያለው ነው?» አለች እናኑ፣ ያቺ ከፊት የምትቀመጠው ምላሰኛ። ልጆቹ ሳቁባት። እርስዎ ግን አልቦውን በጠመኔ ደግመው ከበቡት። ቀጥለው «ነው» አሉ። «ክብ አይደል? እግር ካልገባበት ባዶ ነው። ግን እናትሽ ባዶ ነው ብላ ትጥለዋለች?»

«ትገርፈኛለች እንጂ» አለች።

ልጆቹን ራሳቸውን ቁና ያደረጉበትን ጨዋታ እስከ ዛሬ ለማውቀው አስተማሪ ሁሉ እነግራለሁ። ሦስት ልጅ ጎን ለጎን ይቆማል። የቀኙ ጣቱን አንድ አንድ እያለ ያነሣል፤ አሥረኛው ሲመጣ ሁሉንም ያጥፍና መካከለኛው አንድ ጣት ያነሣል። መቶ አምስት ሲሠሩ እናኑን መካከል አቆሟት፤ እጇ ተጨብጦ።

«የኔታ፣ እኔ ምንም አልሠራሁም። እነሱ ጣት ያነሣሉ፤ እኔ ዝም ብዬ ተገትሬ።»

«ሥራሽ መቆም ነው።»

«ቆሞ መዋል ሥራ ነው እንዴ?»

«እንግዲያ ሂጂ ተቀመጪ። እናንተ ተጠጋጉ። አሁን ስንት ሆነ?»

«አሥራ አምስት» አለ ክፍሉ።

«ዘጠናውን ማን ወሰደው?»

«እናኑ» ብለው አርባ ሁለቱም ጮኹባት። ሮጣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልቦ ሆኖ ለመቆም የሚሻማው በዛ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለአንባቢዎቼ ጥቅም ብቻ አይደለም። በዚያው ሳምንት ምን እንዳደረግሁ ለመናገር ጉልበት እየሰበሰብሁ ነው።

ከገበያ ተመልሰው መጡ። ፊትዎ ጠቁሯል። አንድ የበቅሎ ነጋዴ በሰው መሐል «የኔታ አራት መቶ፣ ምእመኑንስ ስንት ብለው ቆጠሩት?» እንዳለዎ፣ ገበያውም እንደሳቀ ነገሩኝ። ተቀመጡ። ስንደዶ አንሥተው ማሰር ጀመሩ።

«ነገሩን የሚያውቅ ሦስት ሰው ነው» አሉ። «ዳኛው አይቀልድም። አንቺ ልጄ ነሽ። የቀረው ውድነህ ነው።»

እኔ የተበተነውን ስንደዶ መሰብሰብ ያዝሁ።

«አበልጄ ነው እኮ» አሉ። «በፊቴ ቢስቅ ምን ነበረበት። በገበያ ምነው?»

በዚያ ጊዜ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ነኝ፣ አንዲት ቃል። እኔ ምን አደረግሁ? ክሩ አልቆብዎ ነበርና ክር አቀበልሁዎ። የኔታ፣ በሕይወቴ ብዙ ውሸት ተናግሬአለሁ፤ በአፌ ያልተናገርሁት ያ አንዱ ብቻ ነው፤ የከፋውም እሱ ነው።

በማግሥቱ አያ ውድነህ እንደ ልማዱ «የኔታ፣ እንደምን አደሩ» ሲል አለፉት። በሳምንቱ አጥራችሁ መካከል ያለችው መሹለኪያ በእሾህ ተዘጋች። እሱ አልተከራከረም፤ ምክንያቱን እንኳ አልጠየቀም። እኔም ይህንን ለራሴ ማስረጃ አደረግሁት፤ ሰውዬው ካልተጨነቀበት እኔ ምን አስጨነቀኝ ብዬ።

በመጋቢት ኢንስፔክተሩ መጣ። ከኮላ ድባ በበቅሎ፣ ቦርሳውን በደረቱ አቅፎ፣ አቧራ የለበሰ ወጣት። በር ላይ ቆሞ ልጆቹን በጣቱ ቆጠረ። «አርባ ሦስት» አለ። «የቀሩት ሦስት መቶ ስድሳ ወዴት ሄዱ?»

«ገና አልተወለዱም፣ ልጄ» አሉት።

እሱም ሊስቅ ነበር፤ ግን ሥራው አስቸገረውና ጠመኔ ሰጥቶ ሁለት መቶ ስድስትን ይጻፉ አለዎ። ጻፉ። ስምንት መቶ አርባ አለ፤ ጻፉ። እዚያ ላይ ማቆም ይችሉ ነበር፤ ፈተናው አልፏል። እርስዎ ግን ሰሌዳውን አጠፉና 43 ብለው ጻፉ፤ ከሥሩ 403። አርባ ሦስቱ ልጆች እየሰሙ፣ አቶ ዳኛው እየሰሙ፣ «እኛ ይህ ነን፤ እኔ የጻፍሁት ይህን ነው። ቁጥር ከአፍ እንደሚወጣ የሚጻፍ መስሎኝ ነበር። ተሳስቼ ነው፤ ከተሳሳትሁ በኋላ ተምሬአለሁ» አሉ። ከዚያ ለምን እንደተሳሳቱ በስንደዶው አሳዩት፤ ስሕተትዎን ራሱን ትምህርት አድርገው። ኢንስፔክተሩ በርከክ ብሎ ነዶውን ሲቆጥር አየሁት። መዝገቡ ላይ በሥራቸው ይቀጥሉ ብሎ ጽፎ ሄደ።

እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። በአርባ ሦስት ልጅ ፊት ተሳስቻለሁ ለማለት የሚደፍር ሰው እያየሁ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ማለት አቃተኝ። አያ ውድነህ ከኔ ጎን ቆሞ ነበር። ሲወጡ «እንኳን ደስ አለዎ» ብሎ እጁን ዘረጋ፤ እርስዎ በጎኑ አለፉ። የተዘረጋው እጅ ትንሽ ጊዜ እዚያው ቆየ፤ ከዚያ ኪሱ ገባ። በዓመቱ ወደ ጭልጋ ተዛወረ። እኔም ማስተማሩን ትቼ ወደ ወሬው ገባሁ፤ የሚሻለኝ ሥራ ነበር መሰለኝ።

ባለፈው ጥምቀት እናቴን ልጠይቅ ጎንደር መጥቼ ነበር። ቀሐ ወንዝ ዳር ከመዘምራኑ መሐል አየሁዎ፤ ሸምግለዋል፣ ድምፅዎ ግን ያው ነው። ሰላም ልልዎ ስጠጋ ከፊቴ አንድ ሰው ቀደመኝና ጎንበስ አለ። እርስዎ ፊትዎን ወደ ታቦቱ አዞሩ። ሰውዬው ቀና ሲል አያ ውድነህ ሆኖ አገኘሁት። አሁን አዘዞ ነው የሚኖር፤ ከእርስዎ ቤት በእግር የሚደረስ። ያን መሹለኪያ የዘጋው እሾህ ይህን ያህል ዓመት የሚቆይ አልመሰለኝም ነበር።

ተከትዬው ሄድሁና ዛፍ ሥር አስቁሜ ሁሉንም ነገርሁት። አልቅሼም ነበር፤ ሰው በዓል ላይ የሞተብኝ መስሎት ያየኝ ነበር።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ያንቺ መሆኑን። እማዋይሽ በዚያው ሳምንት ነግራኛለች።»

«ታዲያ ምነው አያ ውድነህ? ምነው ዝም አልህ?»

ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። «ምን ልበል? ሃያ ዓመት ያልሞላሽ ልጅ፣ በሰው አገር፣ ያለ ዘመድ። ዳኛው ቢሰማ በማግሥቱ ያባርርሽ ነበር። አንቺ ከሄድሽ ደግሞ የኔታን ማን ያስተምራቸዋል? እኔ ሂሳቤ እንደምታውቂው ነው። ኢንስፔክተሩ መጥቶ እስኪሄድ ልቻለው አልሁ። ከሄደ በኋላ ግን ጊዜው አልፎ ነበር፤ ብናገር ራሴን ለማዳን ልጂቱን ያስጠቃሁ እመስላለሁ።» ቆቡን መልሶ አጠለቀና «እንጀራቸው ይበልጣል ብዬ ነው። ሰላምታ ይመለሳል መስሎኝ» አለ።

የኔታ፣ ያን ወር እኔ በየቀኑ ስንደዶ ሳቀብልዎ፣ አያ ውድነህ የእርስዎን ኩርፊያ ተሸክሞ አጠገባችን ያልፍ ነበር፤ ትምህርትዎን እንዳያቋርጡ። እሱ ይህን እንዳልነግርዎ ለምኖኛል። በዚህ ጉዳይ ግን የማንንም አደራ አልጠብቅም፤ ዝም ማለቱ እንዴት እንደሚያልቅ አይቼዋለሁ።

ለዳግማይ ትንሣኤ ጠዳ እመጣለሁ። እሱንም ይዤው እመጣለሁ፤ እንቢ ብሏል፣ ግን እጎትተዋለሁ። ከቅዳሴ መልስ ደጅዎ ላይ እንቆማለን። ስሜን ሲሰሙ ፊትዎን ቢያዞሩ አልቀየምም፤ የሚገባኝ ነው፤ ውጭ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

እሱን ግን ያስገቡት።

ልጅዎ ይመኙሽ
መጋቢት ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.